ሸክላውን አትክሰሱ

ቀበና ውስጥ፣ ዙሪያው በጽድ በታጠረ አንድ አሮጌ ቪላ ሳሎን ብዙነሽ በቀለ እየዘፈነች ነው። ዘፈኑ ሲጀምር ደህና ነበር፤ ትንፋሽ መሣሪያውም ከበሮውም በየቦታው ይሰማል። ወደ ማብቂያው ሲጠጋ ግን ድምፁ መሻከር ጀመረ። «ሰ»፣ «ሸ» ወይም «ጨ» ያለበት ቃል በመጣ ቁጥር ድምፅ ማጉያው ያፏጫል፤ ከፍ ብላ የምትዘፍንበት ቦታ ላይማ ቃሉን መለየት አስቸገረ። የቤቱ አባወራ ጡረታ ከወጡ የቆዩ የሂሳብ መምህር ናቸው። እጃቸውን አወናጨፉ።

«በቃ፣ ይሄ ሸክላ አልቆለታል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተጫወተ፤ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?»

ከማጫወቻው ጎን በርከክ ያለው ባለሙያ ሳቅ አለ። አምፕሊፋየርና አሮጌ ራዲዮ በመጠገን የሚተዳደር፣ አርባዎቹን የተሻገረ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ሸክላውን አይክሰሱት» አላቸው። «መጀመሪያ መርፌውን እንየው።»

ክንዱን አንስቶ የስልኩን መብራት ሲያበራ ያየው መርፌውን አልነበረም፤ ከሄድሼሉ፣ ማለትም መርፌውን ከያዘው የክንዱ ጫፍ፣ ጀርባ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ የአሥር ሳንቲም ፍራንክ ነበር።

«ይሄን ማን ለጠፈው?»

«እኔው ነኝ። እየዘለለ ሲያስቸግረኝ ጊዜ። ከዚያ ወዲያ ዘሎ አያውቅም።»

«እንዴት ይዝለል ጋሼ፣ በዚህ ሁሉ ክብደት? እያረሰው እኮ ነው!»

«ሸክላው አርጅቷል» የሚለው ፍርድ በየቤቱ ይሰማል፤ ለብዙ ሸክላ ደግሞ ያለ ጥፋቱ የተበየነበት ፍርድ ነው። ሸክላ በንጽህና ከተያዘና በደህና መርፌ ከተጫወተ ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ ይኖራል። የሚያልቀው መርፌው ነው። ያለቀ መርፌ ደግሞ ብቻውን አያልቅም፤ ሸክላውን ይዞ ነው የሚሄደው።

በሸክላው ፊት ላይ ያለው ቦይ አንድ ብቻ ነው። ከዳር ይጀምርና እየተጠቀለለ ወደ መሐል ይገባል። ትልቁ ባለ 33 ዙር ሸክላ በአንድ ገጹ 22 ደቂቃ የሚጫወት ከሆነ ሳህኑ ከ700 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ያ ቦይ ተተርትሮ ቢለካ ወደ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቦዩ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ነው፤ ሁለት ግድግዳ አለው። ስቴሪዮ ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1958 ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ወደ መሐል የሚቀርበው ግድግዳ የግራውን፣ ወደ ዳር ያለው የቀኙን ድምፅ ይሸከማል። መርፌው እታች ድረስ አይወርድም። በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ ተደግፎ፣ እነሱ በተወዛወዙ ቁጥር አብሮ እየተወዛወዘ ይጓዛል። ውዝዋዜው መርፌው በተተከለባት ቀጭን ዘንግ በኩል፣ ካርትሪጅ በሚባለው ትንሽ አካል ውስጥ ወዳለው ማግኔት ይደርሳል፤ ማግኔቱ በመዳብ ጥቅል መሐል ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። መጠኑ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። የሙዚቃው ሁሉ መነሻ ይቺው ናት።

የመርፌው ጫፍ አልማዝ ነው። ታዲያ አልማዝ በፕላስቲክ ላይ ሄዶ እንዴት ያልቃል? ምክንያቱ ጫናው ነው። ሁለት ግራም ሲባል ምንም ይመስላል። ግን ያ ክብደት የሚያርፈው ስፋቷ በማይክሮን በሚቆጠር ነጥብ ላይ ስለሆነ፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሰላ ከቶን ይበልጣል። በዚያ ላይ አቧራ አለ። የአዲስ አበባን የበጋ አቧራ የሚያውቅ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ በቦዩ ውስጥ የተኛ ደቃቅ አሸዋ ለአልማዙ ብርጭቆ ወረቀት ይሆንበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መርፌ ሲያረጅ የሚደነዝዝ ይመስለናል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ክብ የነበረው ጫፍ በግራና በቀኝ ተበልቶ ጠፍጣፋ ይሆንና ጠርዝ ያወጣል፤ ያ ጠርዝ እንደ አናጢ መሮ ስል ነው። ቀጫጭን ድምፆች የተቀረጹባቸውን ደቃቅ ጥምዝምዞች መከተል ስለማይችል እየላጣቸው ያልፋል። «ሰ» እና «ሸ» ቀድመው የሚበላሹት ለዚህ ነው፤ በቦዩ ላይ ከሁሉ የደቀቁት እነሱ ናቸው።

የመጨረሻው ዘፈን ከመጀመሪያው ብሶ የሚሰማበትም ምክንያት አለው። ባለ 33 ዙር ሸክላ ሲዞር ዳር ላይ ያለው ቦይ በመርፌው ሥር በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ያልፋል። መሐሉ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 20 ገደማ ይወርዳል። ያው የአንድ ሰከንድ ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ላይ ታጭቋል ማለት ነው። በትንሿ ባለ 45 ዙር ሸክላም፣ ልዩነቱ ቢያንስም፣ ሕጉ ያው ነው። ስለዚህ መርፌያችሁን ልትመረምሩ ስትፈልጉ የመጀመሪያውን ዘፈን አትስሙ፤ የመጨረሻውን ስሙ።

አያቶቻችን ይህን ሁሉ ፊዚክስ ባያውቁም መርፌ መለወጥ ያውቁ ነበር። በእጅ የሚጠመዘዘው ግራሞፎን የብረት መርፌ ለአንድ ገጽ ብቻ የተሠራ ነበርና ከማጫወቻው ጎን አንድ ቆርቆሮ ሙሉ መርፌ ይቀመጣል፤ ተጫውቶ ሲያልቅ ይነቀላል፣ አዲስ ይገባል። አልማዝ መጥቶ ይህን ልማድ አስረሳን። ረጅም ዕድሜ ያለውን ነገር የማያልቅ አድርገን ቆጠርነው። ኦዲዮ ቴክኒካ የተባለው የጃፓን አምራች ለሞላላ ጫፍ መርፌዎቹ 300 ሰዓት፣ ለክብ ጫፎቹ 500 ሰዓት፣ ጥሩ ተደርገው ለተሞረዱት ማይክሮሊኒየር ለሚባሉት 1000 ሰዓት ይሰጣል። የዴንማርኩ ኦርቶፎን በጥንቃቄ ከተያዘ እስከ 1000 ሰዓት ይሄዳል ይላል። በቀን አንድ ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው 300 ሰዓት ዓመት አይሞላም። የመምህሩ መርፌ ልጆቻቸው ሳይወለዱ የገባ ነው።

ባለሙያው አጉሊ መነጽር አውጥቶ ጫፉን ካየ በኋላ እዚያው ለነበርኩት ለእኔም አቀበለኝ። በመጀመሪያ የሚታየው ግራጫ የአቧራ ጥጥ ነው። እሱን ከኋላ ወደ ፊት በለስላሳ ብሩሽ ሲጠርገው የአልማዙ ጎን ብልጭ አለ። ጤነኛ ጫፍ ብርሃኑን በአንዲት ነጥብ ነው የሚመልሰው፤ ይሄ ግን በጠፍጣፋ ገጽ መለሰው። ዘንጓም ወደ አንድ ጎን ዘማለች። ከሥሯ ያለው ላስቲክ በዕድሜ ብዛት ደርቋል፤ ዘንጓን ሲነካት እንደ ልቧ አትመለስም። መርፌው አንድ ቀን ሳይጫወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን እንኳ ላስቲኩ በነዚህ ሁሉ ዓመታት መድረቁ አይቀርም ነበር።

«ታዲያ መርፌውን ብቻ ለውጠው» አሉ መምህሩ።

ጥያቄው ትክክል ነው። በማግኔት በሚሠሩት በአብዛኞቹ ካርትሪጆች መርፌው ከነዘንጉና ከነላስቲኩ ወደ ፊት ተስቦ ይወጣል፣ አዲሱ በቦታው ይገባል፤ ካቻቢቴ እንኳ አያስፈልግም። አካሉ፣ ማለትም የመዳብ ጥቅሉ ያለበት ክፍል፣ ካልተመታ በስተቀር አያረጅም። የመምህሩ ካርትሪጅ የአሜሪካው ሹር ሥራ ነው። ሹር እ.ኤ.አ. በ2018 የሸክላ ካርትሪጅና መርፌ ማምረቱን አቁሟል። ሆኖም ጂኮን የመሰሉ የጃፓን አምራቾች ለነዚያ አሮጌ አካሎች የሚሆን መርፌ አሁንም ይሠራሉ። ጥሩ መርፌ የሚገኝለትን አካል መጣል ብክነት ነው። ስም የለሽ ርካሽ መርፌ ገዝቶ መሰካት ደግሞ ከብክነትም ይብሳል፤ ጫፉ በወጉ ያልተሞረደ አልማዝ ገና ከሳጥኑ ሲወጣ ያለቀውን መርፌ ሥራ መሥራት ይጀምራል።

እዚህ ቤት ግን ሌላ ችግር ነበር። የግራው ድምፅ ማጉያ ከሞተ ቆይቷል ይላሉ መምህሩ። ባለሙያው ከማጫወቻው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄዱትን ሁለት ገመዶች ቦታ አለዋወጠ። ዝምታው ወደ ቀኙ ድምፅ ማጉያ ተዛወረ። ስለዚህ ድምፅ ማጉያውም አምፕሊፋየሩም ጤነኛ ናቸው። ሄድሼሉን ነቅሎ ገልበጥ ሲያደርገው ጥፋቱ ታየ፤ ከዓመታት በፊት የነካው ሰው የላላ ሽቦ አጥብቃለሁ ብሎ በካርትሪጁ እግሮች ላይ በይዶታል። የካርትሪጅ እግር ከውስጥ ከፀጉር ከቀጠነ የመዳብ ሽቦ ጋር ነው የተያያዘው። የብየዳ ብረት ለጥቂት ሰከንድ ሲነካው ሙቀቱ ያንን ሽቦ ይበጥሳል ወይም በዙሪያው ያለውን ፕላስቲክ ያቀልጣል። እዚያ ቦታ ላይ አይበየድም። ሽቦው ላልቶ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት በቀጭን ፒንሳ በስሱ ትጠበቃለች፤ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

አካሉ ስለተበላሸ መርፌ መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ ደግነቱ አዲስ ካርትሪጅ ተዘጋጅቶ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖረው ልጃቸው ለበዓል በመጣ ዘመድ የላከችው ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ ነው። አረንጓዴ መርፌ አለው፣ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች በአካሉ ላይ ጥርስ ወጥቶላቸዋል፤ ትንንሽ ዳዶ ፍለጋ ምንጣፍ ላይ መንፏቀቅ የለም። እኔ የምወደው ግን ሌላውን ጠባዩን ነው። ሞላላውም፣ ክቡም፣ ማይክሮሊኒየሩም መርፌ በዚሁ አንድ አካል ላይ ይገባሉ። ለ78 ዙር ሸክላ የተሠራም አለ። ይህ ለእኛ ሰው ቁም ነገር ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ ጀርመን ድምፃቸውን ካስቀረጹበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ድረስ የወጡት ሸክላዎች ባለ 78 ዙር ናቸው። የእነዚያ ቦይ ሰፊ ነው፤ ወደ 75 ማይክሮን የሚጠጋ ጫፍ ይፈልጋል። የአሁኑ መርፌ የዚያ ሩብ ያህል ስለሆነ እታች ወርዶ ቆሻሻውን እየጫረ ይሄዳል። አያታችሁ ያቆዩት ከባድና ተሰባሪ ሸክላ ካለ በተራ መርፌ አትሞክሩት።

ገጠማው ተጀመረ። በመጀመሪያ መርፌው ከነመከላከያው ተነቀለና ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ካቻቢቴ ሾልኮ ዘንግ የሚሰብረው በዚህች ሰዓት ነው። ከዚያ አራቱ ሽቦዎች ተራ በተራ ገቡ። ቀለማቸው በየትም አገር አንድ ነው፤ ነጩ የግራ ሲደመር፣ ሰማያዊው የግራ ሲቀነስ፣ ቀዩ የቀኝ ሲደመር፣ አረንጓዴው የቀኝ ሲቀነስ። ባለሙያው በፒንሳ የሚይዘው ቀለበቷን ነው፤ ሽቦውን ከሳበ ይበጠሳል። ሁለቱ ብሎኖች ገቡ፣ ግን አልጠበቁም። ካርትሪጁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መንሸራተት አለበት፤ ዋናው ሥራ ገና ነውና።

ሸክላው በፋብሪካ ሲቀረጽ የሚቆርጠው ብረት ከዳር ወደ መሐል በቀጥታ መስመር ነው የሚጓዘው። የእኛ ክንድ ግን በአንድ ጫፉ ታስሮ ቅስት እየሠራ ነው የሚሄደው። ስለዚህ መርፌው ከቦዩ ጋር ፍጹም ትይዩ የሚሆነው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ የተለመደው አሠላል ከመሐሉ 66 እና 121 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ያስቀምጣቸዋል። በሌላው ቦታ ሁሉ ጥቂት ይዛነፋል። ሥራው ዝንፈቱን ማጥፋት ሳይሆን ማሳነስ ነው። የመምህሩ ማጫወቻ የኤስ ቅርጽ ያለው ክንድ የተገጠመለት የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቴክኒክስ ስለሆነ አንድ አቋራጭ አለ፤ እንደ ኤስኤል-1200 ባሉት የዚህ ፋብሪካ ማጫወቻዎች ላይ ከሄድሼሉ የላስቲክ ቀለበት እስከ መርፌው ጫፍ 52 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ባለሙያው በማስመሪያ ለካና ካርትሪጁን ወደ ፊት ገፋ አደረገው። ቀጥሎ በወረቀት የታተመውን መለኪያ ሳህኑ ላይ አኑሮ መርፌውን በሁለቱ ነጥቦች ላይ አሳረፈው። በአንደኛው ልክ ነው፣ በሁለተኛው ፀጉር ታህል ዘመም አለ። ፈታ፣ ነካ፣ እንደገና አሳረፈ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ አሉ። ሂሳብ የገባበት ነገር ይወዳሉ።

«የዘመመችው ከዲግሪ ታንሳለች» አሉት።

«ትሰማለች ጋሼ» አላቸው፤ እንደገናም ፈታው።

ክብደቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የኋላው ማመጣጠኛ ክንዱ በአየር ላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ ተዞረ፤ ቁጥሩ ዜሮ ላይ ተደረገ፤ ከዚያ ወደ 2 ግራም ተመለሰ። ፋብሪካው ለዚህ ካርትሪጅ የፈቀደው ከ1.8 እስከ 2.2 ነው። ባለሙያው በቁጥሩ ብቻ አላመነም፤ ወርቅ መሸጫ ቤት የሚታየውን ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን አወጣና መርፌውን አሳረፈበት። ክንዱን ወደ መሐል የሚስበውን ኃይል የሚቃወመው አንቲስኬቲንግም 2 ላይ ተቀመጠ። እሱ ባይኖር መርፌው በውስጠኛው ግድግዳ ላይ እየተጫነ የቀኙን ድምፅ ያጎድላል፤ አልማዙም በአንድ ጎኑ ይበላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መባል አለበት። ክብደቱን መቀነስ ሸክላን ማዳን የሚመስላቸው አሉ። ከተፈቀደው በታች የሆነ መርፌ በቦዩ ውስጥ አይቀመጥም፤ እየተንቀጠቀጠ ግድግዳውን ይመታል። በጉዳት ከሳንቲሙ ብዙም አይተናነስም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ለእኔ መልሱ በመምህሩ ቡፌ ውስጥ ተደርድሯል። እ.ኤ.አ. እስከ 1969 ድረስ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ሕጉን ጥሶ የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ በራሱ ስም አሳተመ። እስከ 1975 ባሉት ጥቂት ዓመታት አምሃ ሪከርድስ መቶ ገደማ ነጠላ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል አልበሞች አወጣ፤ ካይፋና ፊሊፕስም ጎን ለጎን አሳተሙ። በመሐሉ ደርግ መጣ፣ የሰዓት እላፊ መጣ፣ ካሴት መጣ፣ አምሃ ተሰደደ። የአገራችን የሸክላ ዘመን ከሞላ ጎደል በዚህ ተዘጋ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በኤቲዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች ከዚያ ዘመን ብዙ መልሶ አሰምቶናል። ሁሉንም ግን አይደለም። ከዳግም ኅትመት የቀሩት ዘፈኖች ያሉት በየቤቱ ቡፌ ውስጥ፣ በትንንሾቹ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ላይ ነው። ያለቀ መርፌ በእያንዳንዱ ጨዋታ የሚፍቀው እነዚህን ነው።

ብዙነሽ እንደገና ተከፈተች። በግራው ድምፅ ማጉያ መሣሪያዎቹ ሲሰሙ መምህሩ ቀና አሉ። መሐል ላይ ስትደርስ «ሸ» ጥርት ብሎ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም አልዳነም። ከፍ ብላ የምትዘፍንበት ቦታ ላይ ሻካራው አሁንም አለ፤ የተላጠ ቦይ በአዲስ መርፌ አይመለስም። ሞላላው ጫፍ በግድግዳው ላይ ከቀድሞው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ስለሚያርፍ አንዳንድ ያልተነካ ቦታ ያገኛል፤ የተሻለው ለዚያ ነው። መምህሩ ሌሎቹን ሸክላዎች ማውጣት ጀመሩ። ባለሙያው ከለከላቸው፤ አስቀድሞ መታጠብ አለባቸው።

ቤታችሁ ማጫወቻ ያላችሁ፣ መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። የድሮ ራዲዮግራም ከሆነ በውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ ሴራሚክ ካርትሪጅ ነው፤ ያኛው ብዙ መቶ ሚሊቮልት ስለሚያወጣ ተጨማሪ ማጉያ አይፈልግም፣ መርፌውም ክብደቱም ሌላ ነው። የማግኔቱን አምጥታችሁ ብትገጥሙበት ድምፁ እምብዛም አይሰማም። በሌላው በኩል የማግኔት ካርትሪጅ ያለውን ማጫወቻ «ፎኖ» የሚል መግቢያ በሌለው አምፕሊፋየር ላይ ብትሰኩት ድምፁ ቀጭንና ደካማ ነው የሚሆነው፤ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ጎልቶ ስለሚገባ መልሶ የሚያስተካክለው መሣሪያ በመሐል መኖር አለበት።

ከውጭ ሰው ሲመጣ መርፌ ለማስመጣት ካሰባችሁ ደግሞ «የቴክኒክስ መርፌ ላኩልኝ» ብላችሁ አትላኩ። የማጫወቻው ስም ምንም አይረዳም። ሄድሼሉን ገልብጣችሁ በካርትሪጁ ላይ የተጻፈውን ስምና ቁጥር፣ ከፊትም ከጎንም፣ በስልካችሁ አንሥታችሁ ላኩ። መርፌው እስኪደርስ ድረስም ማጫወቻውን አታስነሡት።